ከዩሪያውና ከፍጉ የቱ ያሰጋል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ዝናቡ ጋብ ብሎ መደብ የሚዘጋጅበት ጊዜ ስለሆነ በዚህ ወር የደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ማዳበሪያ ናቸው። ከባሕር ዳርና ከጣና ዳርቻ ከመጡት መካከል እነዚህን መርጠናል።

ጥያቄ፦ ቤቴ ሽምብጥ ነው። አራት በአምስት ሜትር የምትሆን ጓሮ አለችኝ፤ ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ ካሮትና ቲማቲም እተክልባታለሁ። ጎረቤቴ «ዩሪያ የነካው አትክልት መርዝ ነው፤ ለልጆችሽ አታብይ» ትለኛለች። የእርሻ ባለሙያ የሆነ ዘመዴ ደግሞ «ያለ ዩሪያ ምን ይበቅላል?» ይላል። ማንን ልስማ?
*የሁለት ልጆች እናት*

መልስ፦ ሁለቱም የያዙት ግማሽ እውነት ነው። ዩሪያ አፈር ውስጥ ገብቶ ዩሪያ እንደሆነ አይቀርም። በአፈሩ ያሉ ደቂቅ ሕዋሳት በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደ አሞኒየም፣ ቀጥሎም ወደ ናይትሬት ይለውጡታል፤ ሥር የሚመጠው እነዚህን ነው። ፍግም በስብሶ ለተክሉ የሚያቀብለው እነዚሁኑ ነው፤ ቆስጣው የናይትሬቱን አገር አይጠይቅም። ዩሪያ ራሱ በሰውና በከብት ሽንት ውስጥ ያለ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1828 ፍሬድሪክ ቮለር የተባለ ጀርመናዊ ኬሚስት በላቦራቶሪ የሠራውም ያንኑ ነው። ስለዚህ «ዩሪያ የነካው መርዝ ነው» የሚለው አያስኬድም።

ስጋቱ መጠኑ ላይ ነው። ዩሪያ 46 በመቶው ናይትሮጅን ነው፤ በጣም የተከማቸ ነገር ነው። አንድ ጭብጥ ዩሪያ ከ30 እስከ 50 ግራም ይመዝናል፤ ይህ ከሦስት እስከ አምስት ካሬ ሜትር የሚበቃ ነው። ሰው ግን ለአንዲት የቲማቲም ግንድ ጭብጡን ሙሉ ይበትናል። ያን ጊዜ በሥሩ ዙሪያ ያለው ውኃ እንደ ጨው ውኃ ይሆንና ከሥሩ ውስጥ ውኃ ይስባል፤ ተክሉ አፈሩ እርጥብ ሆኖ ሳለ ይጠወልጋል፣ የቅጠሉ ዳር ቡናማ ሆኖ ይደርቃል። የጠማው መስሎን ውኃ እንጨምራለን፤ በእርግጥ ብዙ ውኃ ማጠጣት ትርፉን ወደ ታች ስለሚያጥበው መድኃኒቱም እሱ ነው።

ለእርስዎ 20 ካሬ ሜትር እንደ መነሻ የሚያዘው ይህ ነው፦ በሔክታር 200 ኪሎ ኤንፒኤስ (ናይትሮጅን፣ ፎስፎረስና ድኝ ያለው ማዳበሪያ) እና 100 ኪሎ ዩሪያ ብንል፣ በካሬ ሜትር 20 ግራምና 10 ግራም ይሆናል። ለጓሮው በሙሉ ኤንፒኤሱ 400 ግራም፣ ዩሪያው 200 ግራም ማለት ነው። በካሬ ሜትር ሦስት ኪሎ ያህል የበሰለ ኮምፖስት የሚያስገቡ ከሆነ ሁለቱንም በግማሽ ይቀንሱ። ሚዛን ከሌለ የለስላሳ ቆርኪ ይበቃል፦ በአፉ ልክ የተሞላ ቆርኪ ወደ 4 ግራም ዩሪያ፣ ወደ 5 ግራም ኤንፒኤስ ይይዛል። በአንድ ካሬ ሜትር ሦስት የቲማቲም ግንድ ካለና ዩሪያው በሁለት ጊዜ ተከፍሎ ከተሰጠ፣ ለአንድ ግንድ በአንድ ጊዜ የሚደርሰው ግማሽ ቆርኪ እንኳ አይሞላም።

ኤንፒኤሱ በተከላ ጊዜ ከአፈሩ ጋር ይቀላቀላል እንጂ የችግኙን ሥር አይነካም። ዩሪያው የመጀመሪያው ግማሽ ችግኙ ከተዛወረ ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ሁለተኛው አበባ ሲጀምር ይሰጣል። ከግንዱ አንድ ስንዝር ሊሞላ ትንሽ ሲቀር ዙሪያውን አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ጫር ጫር አድርገው ይጨምሩና ወዲያው አፈር አልብሰው ያጠጡ። ላይ ላዩን ተበትኖ ፀሐይ ላይ የተተወ ዩሪያ ወደ አሞኒያ ጋዝ ተለውጦ ይበናል፤ ገንዘብዎ ነው የሚበነው። ከባድ ዝናብ ሊጥል ሲያጉረመርም ደግሞ አይበትኑ፤ በቦይ አድርጎ ሐይቁ ይገባል።

አሁን ወደ ልጆቹ። ቅጠላ ቅጠል፣ በተለይ ቆስጣና ሰላጣ፣ ያገኘውን ናይትሬት ሁሉ ወደ ፕሮቲን መለወጥ ሲያቅተው በአገዳውና በቅጠሉ ደም ሥር ያከማቻል። የአውሮፓ ኅብረት ለትኩስ ስፒናች በኪሎ 3,500 ሚሊ ግራም ናይትሬት ጣሪያ ያስቀመጠው ለዚህ ነው፤ ጣሪያው ናይትሬቱ ከዩሪያ ይምጣ ከፍግ አይለይም። ተክሉ ናይትሬቱን የሚጠቀምበት በብርሃን ኃይል ስለሆነ ደመናው በማይገለጥበት ሐምሌና ነሐሴ ክምችቱ ይበዛል። ስለዚህ ለሰላጣ የመጨረሻው ዩሪያ ከመቁረጡ ቢያንስ ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ ይሁን። እየተቆረጠ ለሚያቆጠቁጥ ቆስጣ ደግሞ በተቆረጠ ማግስት፣ በካሬ ሜትር ከ5 ግራም ሳይበልጥ ይስጡና ሦስት ሳምንት ይታገሡ። ፀሐይ በዋለበት ቀን ከሰዓት በኋላ ይቁረጡ፤ ለትንንሽ ልጆች ሲያበስሉ ወፍራሙን አገዳ ያስወግዱ፣ የተቀቀለበትን ውኃ ይድፉ። የተቀቀለ ቆስጣ ከማቀዝቀዣ ውጪ አሳድረው ለሕፃን አይስጡ፤ ባክቴሪያ ናይትሬቱን ወደ ናይትራይት ይቀይረዋል፤ ጎጂው እሱ ነው።

ካሮቱ እምብዛም ዩሪያ አያስፈልገውም። ናይትሮጅን የበዛበት ካሮት ቅጠል ብቻ ይሆናል።

በፎስፌት ማዳበሪያ ውስጥ ስላለው ካድሚየም የሰሙም ይኖራሉ። ካድሚየም ከፎስፌቱ ድንጋይ ጋር አብሮ የሚመጣ ከባድ ብረት ነው። የአውሮፓ ኅብረት ሕግ በአንድ ኪሎ ፎስፎረስ ፔንቶክሳይድ (የማዳበሪያ ፎስፎረስ የሚለካበት ውሕድ ነው) 60 ሚሊ ግራም ይፈቅዳል። ኤንፒኤስ 38 በመቶ ፎስፎረስ ፔንቶክሳይድ ስለሆነ፣ ማዳበሪያው እዚያ ጣሪያ ላይ ቢሆን እንኳ በካሬ ሜትር 20 ግራም ኤንፒኤስ የሚያስገባው ግማሽ ሚሊ ግራም አይሞላም። ይህ ወደ 240 ኪሎ በሚመዝን የላይኛው አፈር ውስጥ ይሰራጫል። በዓመት አንዴ ለሚያደርግ ጓሮ የሚያስጨንቅ አይደለም። ባትሪ ድንጋይ ከተደባለቀበት የከተማ ቆሻሻ የተሠራ «ኮምፖስት» ግን ያስጨንቀናል።

ጥያቄ፦ እኔ ዘንዘልማ ነው የምኖረው። ሁለት የወተት ላሞች አሉኝ። ዩሪያ አላስነካም፤ አዛባውን በውኃ በጥብጬ በየሳምንቱ ሰላጣው ሥር አፈሳለሁ። የተፈጥሮ ነገር ችግር የለውም ብዬ ነው። ልክ ነኝ?

መልስ፦ ወንድማችን፣ ይህን ዛሬውኑ ይተዉ። ከመጡልን ጥያቄዎች ሁሉ ለበላተኛው አስጊ ሆኖ ያገኘነው የእርስዎን ነው። ዩሪያ ሲበዛ ተክሉን ይገድላል፤ እርጥብ አዛባ ግን ተክሉን አለምልሞ ሰዉን ያሳምማል። በጤነኛ ላም አንጀት ውስጥ ሰውን ደም ተቀላቅሎበት የሚያስቀምጥ የኢ ኮላይ ባክቴሪያ ዓይነት፣ ሳልሞኔላና ክሪፕቶስፖሪዲየም የተባሉ አንጀት የሚያሳምሙ ጀርሞችም ሊኖሩ ይችላሉ። ሰላጣ ጥሬውን ይበላል፤ ቅጠሉ የተሸበሸበ ስለሆነ በውኃ መታጠብ ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም።

የአሜሪካ የኦርጋኒክ እርሻ ደንብ ያልበሰለ ፍግ የገባበት መሬት ላይ የሚበላው ክፍል አፈር የሚነካ ከሆነ ከመሰብሰቡ በፊት 120 ቀን፣ ካልነካ 90 ቀን ይጠይቃል። ይህን ወደ እኛ ዘመን አቆጣጠር እናምጣው፦ ነሐሴ 25 አፈር ውስጥ የገባ ፍግ 120 ቀኑን የሚሞላው ታኅሣሥ 20 ነው። ስለዚህ ሰላጣና ካሮት ከዚያ በፊት አይነቀልም፤ በእንጨት የቆመ ቲማቲምና ቃሪያ ከኅዳር 20 ጀምሮ ይለቀማል። ተክሉ ከበቀለ በኋላ ግን እርጥብ አዛባ በምንም መልኩ አይጨመርም።

ሁለት ላም ላለው ሰው የሚያዋጣው ግን አብስሎ መጠቀም ነው። ኮምፖስት ሁሉም ሰው ይሠራል፤ አሙቆ የሚያበስለው ግን ጥቂቱ ነው። ክምሩ ሙቀት እንዲይዝ በሁሉም ጎን ቢያንስ አንድ ሜትር ይሁን፤ አንድ ሜትር ተኩል ቢሆን ይሻላል። ከታች አየር እንዲያስገባ አንድ ስንዝር ያህል የበቆሎ ወይም የማሽላ አገዳ ይደልደል። በላዩ አንድ ስንዝር ደረቅ ነገር፣ ጭድ ወይም ሣር ወይም የረገፈ ቅጠል፤ ቀጥሎ አራት ጣት አዛባ፤ ከዚያ ስስ የላይኛ አፈር። እንዲህ እየተደራረበ ይሂድ። በግምት ለሦስት ባልዲ ደረቅ አንድ ባልዲ አዛባ ነው። እያንዳንዱ ንብር ውኃ ይረጭበት፤ ጨብጠው ሲጨምቁት በጣቶችዎ መሀል ጠብ ለማለት የሚቃረብ ግን የማይንጠባጠብ ይሁን።

በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን የብረት ዘንግ እስከ መሀሉ ያስገቡና ከአምስት ደቂቃ በኋላ ይሳቡት። በእጅ ይዘው መቆየት ካልቻሉ ሞቋል። ቴርሞሜትር ካለ 55 ዲግሪ ይፈልጉ። ክፍት ክምር ሲሆን ይህ ሙቀት ለ15 ቀን መቆየት አለበት፤ በእነዚያ ቀናት ውስጥ አምስት ጊዜ ይገላበጣል። ሲገላበጥ የዳሩ ወደ መሀል ይግባ፤ ዳር ላይ የቀረ አዛባ ጥሬ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ነው። ከዚያ ሁለት ሦስት ወር ይረፍ። ዝናብ ያረጠበው አፈር ሲሸት፣ ጭዱ ጭድነቱ ሲጠፋ፣ ተገላብጦም ሳይሞቅ ሲቀር ደርሷል። መጠራጠር ካለ እርጥቡን በላስቲክ አስረው ሦስት ቀን ያቆዩ፤ ሲከፈት ቢገማ ገና ነው።

ካልሞቀ ደርቋል፣ አንሷል፣ ወይም አዛባው ጥቂት ነው። ዓይን የሚያቃጥል የአሞኒያ ሽታ ካለው አዛባው በዝቷልና ጭድ ይጨምሩ። የበሰበሰ ዕንቁላል ከሸተተ ውኃ ቋጥሯል፤ ያገላብጡት። በባሕር ዳር ክረምት በጥቁር አፈር ላይ ጉድጓድ ቆፍሮ ኮምፖስት መሥራት ኩሬ መሥራት ነው፤ ክረምት ላይ ከመሬት በላይ ከምሮ በላስቲክ መሸፈን፣ በጋ ላይ ጉድጓድ።

የትል ኮምፖስት የሚሠሩም አሉ። ትል ሙቀት ስለማይወድ ክምሩ አይሞቅም፤ ስለዚህ አዛባው መጀመሪያ በሙቀት ካልበሰለ ጀርሙና የአረሙ ዘር አብሮ ይቀራል።

አንድ ነገር ይወቁ፦ ኮምፖስት ቀርፋፋ ነው። ሦስት ኪሎ እርጥብ ኮምፖስት ውስጥ ወደ 18 ግራም ናይትሮጅን ቢኖር በመጀመሪያው ዓመት ተክሉ የሚያገኘው ከ2 እስከ 4 ግራም ነው፤ ቀሪው በሚመጡት ዓመታት ይለቀቃል። ኮምፖስት አድርጌ ጎመኑ ገረጣ የሚሉን ለዚህ ነው። የመጀመሪያውን ሁለት ዓመት በጥቂት ዩሪያ መደገፍ ነውር የለውም።

ጥያቄ፦ ከጣና የሚወጣው እምቦጭ ደርቆ ለኮምፖስት ይሆናል ይባላል። የጫት ገራባስ? ሰፈራችን ሞልቷል።

መልስ፦ እምቦጩ ይሆናል፤ ጥንቃቄው ብዙ ነው እንጂ። በሐይቁ ላይ መታየቱ የተነገረው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። እንዲህ የተንሰራፋበት አንዱ ምክንያት ከእርሻና ከከተማ ታጥቦ የሚገባው ናይትሮጅንና ፎስፎረስ ነው። ያንን ከሐይቁ አውጥቶ ወደ አፈር መመለስ ደግ ሐሳብ ነው። ይሁን እንጂ ዘሩ በጭቃ ውስጥ እስከ 20 ዓመት ሊቆይ ይችላል፣ ቁራጭ ግንዱም ይቀጥላል። አበባ ያላወጣውን ይምረጡ። ከባድ ብረት ካለ የሚከማቸው በሥሩ ላይ ስለሆነ ሥሩን ቆርጠው ይጣሉ፤ የከተማው ቦይ ከሚገባበት ዳርቻ የወጣውን ጨርሶ አይውሰዱ። ከውኃና ከቦይ ርቆ አንድ ሁለት ሳምንት ይድረቅ። ከ90 በመቶ በላይ ውኃ ስለሆነ መቶ ኪሎው ደርቆ አሥር ኪሎ አይሞላም፤ ጋሪ ከመከራየትዎ በፊት ይህን ያስቡ። ከዚያ ከላይ በተባለው መንገድ ከአዛባ ጋር በሙቀት ይብሰል፤ ያልሞቀ የእምቦጭ ኮምፖስት ለጓሮ አይገባም። ፖታስየሙ ጥሩ ስለሆነ ለቲማቲምና ለቃሪያ ይስማማል። ሲሰበስቡ ቦቲና ጓንት ያድርጉ፤ በጣና ዳር ቢልሃርዚያ አለ።

ገራባውን ይተዉት። ጫቱ ላይ የተረጨው ፀረ ተባይ ምን እንደሆነና መቼ እንደተረጨ የሚያውቅ የለም። አረም ማጥፊያ የተረጨ ማሳ ጭድም እንደዚሁ ያጠራጥራል። ከተጠራጠሩ ኮምፖስቱን ከአፈር ጋር ግማሽ በግማሽ ቀላቅለው በጣሳ ሦስት አራት የቦሎቄ ፍሬ ይዝሩበት፤ አዲሱ ቅጠል ከተጠቀለለ ወይም እንደ ጽዋ ከታጠፈ መደብዎ ላይ አያድርሱት።

ጥያቄ፦ የዩሪያውን ማዳበሪያ አጥቤ ጤፍ ብይዝበት ጉዳት አለው? ፍየሌም ትልሰዋለች።

መልስ፦ ከረጢቱን ራሱን «ማዳበሪያ» ማለታችን የልማዳችንን ጥልቀት ያሳያል። ለሚበላ እህል አይሁን፤ በስፌቱ መሀል የገባው ፍሬ በእጥበት አይወጣም። ለኮምፖስት ማጓጓዣ፣ ለአገዳና ለሣር ይጠቀሙበት።

የፍየሏ ነገር ግን አስቸኳይ ነው። ዩሪያ በሚያመሰኳ እንስሳ ጨጓራ ውስጥ ወዲያው አሞኒያ ይሆንና ይመርዛል። ምልክቱ ከግማሽ ሰዓት ባነሰም ጊዜ ሊታይ ይችላል፦ ሆድ ይነፋል፣ ጡንቻዋ ይንቀጠቀጣል፣ አረፋ ትደፍቃለች። ወዲያው የእንስሳት ሐኪም ይጠሩ፤ እስኪደርስ ግማሽ ሊትር ያህል ኮምጣጤ ቀስ ብለው ያጠጧት፤ ኮምጣጤው የአሞኒያውን ወደ ደም መግባት ይቀንሳል። ዩሪያ የተበጠበጠበትን ባልዲም ከብት በማይደርስበት ያኑሩ። ነጭ ፍሬ ስለሆነ በጨው ዕቃ ማስቀመጥ በራስ ላይ መቀለድ ነው፤ ክዳን ባለው ፕላስቲክ፣ ስሙ ተጽፎበት፣ ከማድቤት ውጪ።

ጥያቄ፦ ግቢያችን የጉድጓድ ውኃ አለ። ፍግ የምንከምረው ከጎኑ ነው። ውኃውን አፍልተን ለሕፃኑ ወተት መበጥበጫ እንጠቀማለን።

መልስ፦ ማፍላት ጀርሙን ይገድላል፤ ናይትሬትን ግን አያወጣም፣ እንዲያውም ውኃው ሲተን ያከማቸዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ጣሪያ በሊትር 50 ሚሊ ግራም ናይትሬት ነው፤ ጣሪያው በዋናነት የተቀመጠው በጡጦ ለሚመገቡ ሕፃናት ሲባል ነው። ናይትሬቱ በሕፃን ደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ያሰናክልና ከንፈርና ጥፍር ሰማያዊ ይሆናል፤ ይህ ከታየ ቶሎ ወደ ጤና ተቋም ነው። ውኃው እስኪመረመር ድረስ ለጡጦ የቧንቧ ውኃ ወይም የታሸገ ይጠቀሙ። ሐይቁ ዳር የከርሰ ምድር ውኃ ለላይኛው አፈር ቅርብ ስለሆነ ክምሩን ከጉድጓዱ 30 ሜትር ያርቁ፤ ግቢው ካልበቃ ቢያንስ ከጉድጓዱ በታች ባለው ተዳፋት፣ ሲሚንቶ ወይም ወፍራም ላስቲክ ላይ፣ ከላይ ተሸፍኖ።

ጥያቄ፦ የዶሮ ኩስና አመድ ቀላቅዬ ቃሪያው ላይ አደረግሁ፤ በሳምንቱ ተቃጠለ። ዩሪያ እኮ አይደለም!

መልስ፦ ደረቅ የዶሮ ኩስ ከፍግ ሁሉ የበረታ ነው፤ ናይትሮጅኑ ከ3 እስከ 4 በመቶ ይደርሳል፣ ጨውም አለው። አመዱ ደግሞ እንደ ኖራ ስለሆነ ናይትሮጅኑን ወደ አሞኒያ ጋዝ ለውጦ ለቀቀው፤ ሥሩን ያቃጠለው ይህ ነው። ዩሪያንም ከአመድ ወይም ከኖራ ጋር በአንድ ቀን አያገናኙ፤ በመሀላቸው ሁለት ሳምንት ይሁን። ኩሱን ከሰጋቱራ ወይም ከጭድ ጋር በሙቀት አብስለው በካሬ ሜትር ከግማሽ ኪሎ ሳይበልጥ፣ ከተከላው ሁለት ሳምንት ቀደም ብለው ያስገቡ። የተቃጠለውን መደብ አሁን በካሬ ሜትር 20 ሊትር ውኃ ለሦስት ቀን በተከታታይ ያጠጡት፤ አዲስ ቅጠል ካላወጣ በአሥረኛው ቀን ነቅለው ሌላ ችግኝ ይተኩ።